ካሴቱ የሚገለበጥበት ቦታ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 1995 (እንደ ፈረንጁ ጁን 16፣ 2003)

የክረምት ትምህርት ቤታችን ዛሬ ተከፈተ። ሃያ ሦስት ልጆች፣ ሃያ አንድ መቋሚያ፣ ስድስት ጸናጽል፣ አንድ ከበሮ። መቋሚያ ያልደረሳቸው ሁለት ልጆች በየተራ እየተቀያየሩ ይዘምማሉ ብዬ ወሰንኩ። በየተራ እየተቀያየሩ ተጣሉ።

አዳራሹ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ያለው የድሮ ምንጣፍ መሸጫ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሲከራየው ምንጣፉን ያነሳው የለም፤ መቋሚያው መሬት ሲመታ ድምፅ አይሰጥም። በማስታወቂያ ወረቀቱ፣ በፍላየሩ ላይ «የጥንታዊ ዜማና የአቋቋም የክረምት ትምህርት» ይላል። ስለ ምንጣፉ የሚል ነገር የለውም።

የትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጌጥነሽ ወላጆቹ ፊት «መሪጌታ ጣሰው» ብላ አስተዋወቀችኝ። ይህን ማዕረግ ለራሴ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት ፍላየሩ ላይ እሷ ጻፈችው፣ ሁለት መቶ ኮፒ ታተመ። የታተመ ነገር ማረም ወረቀት ማባከን ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ስንወጣ «ረዳት አግኝተንልዎታል» አለችኝ።

«ማንን?»

«መሪጌታ ሀይለማርያም ይባላሉ። ከጎንደር ልጃቸው ጋ መጥተው ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ አርባ ዓመት አቋቋም አስተምረዋል።»

«ለእኔ ረዳት?»

«አዎ፤ ምነው፣ ችግር አለው?»

ችግር የለውም። ደስ ብሎኛል። ማታ ለባለቤቴ ለብዙዬ ደስ እንዳለኝ ስነግራት «ታዲያ ለምን እራትህን አልበላህም?» አለችኝ። አልራበኝም ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የምነዳው ሻትል፣ መንገደኛ ማመላለሻው፣ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ዛሬ ጭር ብሏል፤ ሦስት መንገደኛ እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

መሪጌታ መጡ። የአዳራሹ ኤሲ ስለበረዳቸው ከጋቢያቸው ላይ የልጃቸውን የብሮንኮስ ስፖርት ቡድን ጃኬት ደርበዋል። ወንበር ስስብላቸው «እኔ ከኋላ ልቀመጥ፤ እርስዎ ያስተምሩ» አሉኝ። አንቱ አሉኝ! የሰባ አራት ዓመት ሰው አንቱ ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ሁለት መስመር ብቻ አስተማርኩ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ።

ፓርኪንጉ ላይ ሁለት እናቶች ሲያወሩ፦ «እውነተኛው መጣ አሉ።» «ጣሰውስ?» «እሱም እኮ ይሞክራል።»

ይሞክራል። ሰው መጣ፣ ልሂድ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ስለዚህ ልጻፈው።

ከአሥራ አራት ዓመቴ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከእስቴ ወዲያ ባለች አንዲት ደብር፣ የኔታ ተገኝ ዘንድ ዜማ ተምሬያለሁ። ይህ እውነት ነው። የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓን፣ ጀምሬያለሁ። ይህም እውነት ነው። አልጨረስኩም፤ ምክንያት ነበረኝ። አቋቋም የሚባለውን፣ በመቋሚያና በጸናጽል የሚዘመመውን ትምህርት፣ ግን ደጁንም አልረገጥኩም። የኔታም አቋቋም አያስተምሩም ነበር፤ የዜማ መምህር ናቸው።

አቋቋሙን የተማርኩት ከካሴት ነው። በ1983 ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ተከራይቼ ስኖር ታክሲ የሚነዳ ንጉሰ የሚባል የአስመራ ሰው ሰጠኝ። እሱ የገዛው ዘፈን መስሎት ነው። አንድ የማይታወቅ ሰው በደብረ ታቦር በዓል ቴፕ ይዞ ገብቶ የቀዳው ነው፤ የሚመሩት መሪጌታ ማን እንደሆኑ አይታወቅም። አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንድ ሽማግሌ ይስላል። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ እየጠበቅኩ በዎክማን እሰማው ነበር። በአራት ወር ከሳሉ በቀር ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት። እንቅስቃሴውን ደግሞ ሕፃን ሳለሁ ካየሁት እያስታወስኩ ጨመርኩበት።

ካሴቱ ላይ ያለው የደብረ ታቦር ወረብ መሐል ላይ ሲደርስ አንደኛው ወገን ያልቃል። ተነሥቶ፣ አውጥቶ፣ ገልብጦ መክተት ያስፈልጋል። ከዚያ ይቀጥላል። ስለዚህ ልጆቹን ሳስተምር እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ማረፍ አለ፤ በልባቸው እስከ አራት ይቆጥራሉ። ዝም ብለው ሲቆሙ ባዶ ስለሆነብኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝቅ ብለው እንዲሰግዱ አደረግኩ።

ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የወደደው እሱን ነው። በየዓመቱ ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ዝም ብሎ ሲጎነበስ እናቶች ያለቅሳሉ፣ እልልታው ጣሪያ ይነካል። አምና አንዲት ሴት ለዚያች ስግደት ብላ ከሌላ ከተማ፣ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ መጥታለች።

እረፍቱ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። የአተነፋፈስ ጉዳይ ነው። ግን እኚህ ሰው ጆሮ አላቸው፣ ልጆቹም አንድ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ይደርሳሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ደረሱ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሌላውን ሳስደግም ቆይቼ ነበር። ዛሬ ጌጥነሽ ገብታ «ያቺን የምንወዳትን የደብረ ታቦሯን ለመሪጌታ አሳዩዋቸው እንጂ» አለች። ልጆቹ ማንም ሳያዝዛቸው ተሰለፉ። ዘመሙ፤ ዝም አሉ፤ ሰገዱ፤ ቀጠሉ። መሪጌታ ሀይለማርያም መሐል ላይ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ሲያልቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

እንዲህ ይጠየቃል። ዜማውም አቋቋሙም በየቤቱ ይለያያል፤ የተጠየቀ ሰው መምህሩን ይጠራል፣ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። «የካሴት ቤት ነው» ማለት ነበረብኝ።

«የየኔታ ተገኝ ነው» አልኩ።

«የት ይሆኑ?»

«ከእስቴ ወዲያ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

የኔታ ሞተዋል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። የሞተ ሰው አይጠየቅም ብዬ ነው።

«ተራራውን ወጡ ይላል» አሉ መሪጌታ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያወሩ መሰለኝ። «ከዚያ ብርሃኑን ያዩበትን ሦስቱን ቃል ይተዉታል። በዝምታ ይሰግዱለታል። ከዚያ ወረዱ። ያዩት አይነገርማ! እንዴት ያለ ሊቅ ነው ይህን ያስተማረ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አርባ ዓመት አስተምሬ ይህን አልሰማሁም።»

እኔም አልሰማሁም ልላቸው ነበር።

አሁን ቤት ገብቼ ቁጭ ብያለሁ። በዜማ ቤት ትርጉም አይጠየቅም፤ እሱ የሌላ ጉባኤ፣ የመጻሕፍት ቤት ነው። ስለዚህ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ለካ ቀጂው ካሴቱን ሲገለብጥ ሦስት ቃል ወድቆ ቀርቷል። ደቀ መዛሙርቱ ወጡ፣ ብርሃኑን አዩ፣ ወረዱ ነው የሚለው። እኔ ሦስት ክረምት ሙሉ ልጆቹን ተራራ አውጥቼ ምንም ሳላሳይ አወርዳቸው ኖሯል።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ሻትል። ሁለት መንገደኛ። ሦስተኛ እስኪመጣ።

ሦስቱ ቃላት ምንድን ናቸው? እሳቸውን መጠየቅ አልችልም። የሚተወውን የማያውቅ ሰው እንዴት ይተዋል?

ያሉኝን መጻሕፍት አገላበጥኩ። ወረቡ የለባቸውም።

ንጉሰ ጋ ደወልኩ። ካሴቱን ከማን ነው የገዛኸው፣ ሌላ ቅጂ ይኖረው ይሆን አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው! በነፃ ሰጥቼህ ዛሬ ዋራንቲ ትጠይቀኛለህ?» አለኝ።

መንገደኛው መጣ። ሻንጣው ከእኔ ይከብዳል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ነገሩ ከእጄ ወጥቶ ሄደ።

መሪጌታ ወረቡን በብራና እንደሚጻፍ አድርገው ወረቀት ላይ ጽፈውታል። ቀይ ቀለም ስላጡ በልጅ ልጃቸው ማርከር ነው። ከላይ «ዘመምህር ተገኝ» ይላል። ሦስቱ ቃላት መግባት ያለባቸው ቦታ ላይ ባዶ ትተው ትንሽ መስቀል ሥለውበታል። አንገቴን አስግጌ ያየሁት ቃላቱ ተጽፈው እንደሆነ ብዬ ነበር። መስቀል ብቻ ነው።

እሁድ ዲያቆናቱን ሰብስበው አስተምረዋቸዋል። ያም ብቻ አይደለም።

«ትናንት ጎንደር ደወልኩ» አሉኝ። «ተክለሚካኤል የሚባል ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ እሱ ራሱ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። በስልክ አሰማሁት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።»

«ዝምታው በስልክ እንዴት ሆነ?»

«‹መስመሩ ተቋረጠ ወይ?› አለኝ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። መምህሬ ያላስተማሩት ነገር፣ ሞቱም አልሞቱም፣ በስማቸው ጎንደር ገባ። እኔ ሻትል ነጂው በጎንደር ሊቃውንት ፊት ለየኔታ ስም አወጣሁላቸው። ያውም የተሳሳተ።

አላፍርም ብል እዋሻለሁ። ዛሬ በቂ ዋሽቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

እንቅልፍ የለም። ብዙዬ «ንገራቸውና ተኛ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ ፊቷን አዞረች። ታውቃለች። ካፒቶል ሂል ሳለን ያን ካሴት ስሰማ ስታየኝ አራት ወር ኖራለች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ልጄ ፀዳል አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም ትበልጣለች፤ አባቷ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፤ ድምፅዋ ከእኔ ይሻላል።

ዛሬ እረፍት ላይ መሪጌታን «በዝምታው ጊዜ ምን ማሰብ ነው ያለብን?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጭንቅላቷን ዳብሰው «ምንም አታስቢ፤ አይተሽ የማታውቂውን ብርሃን እያየሽ ነው» አሏት።

ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን። የእኔ ኮሮላ የካሴት ማጫወቻው አሁንም ይሠራል። አይ–70 አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ጀመረች።

«ዳድ፣ አይ ሊስንድ ቱ ኢት፤ ሰማሁት።»

«ምኑን?»

«ዩር ቴፕ። ግሎቭ ቦክሱ ውስጥ ያለውን። ያ ቦታ ላይ ኢት ጀስት ክሊክስ፤ ቀጭ ነው የሚለው።»

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባውን የሞንትቤሎውን መውጫ አልፌ ሄድኩ። ተመልሼ ለመምጣት አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

«አይ ዎንት ቴል ኤኒዋን፤ ለማንም አልናገርም» አለችኝ ቤት ስንደርስ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ። ልጄ ለእኔ ልትዋሽልኝ ተዘጋጅታለች። እንዲህ አድርጌ ማሳደጌን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ልነግራቸው ወሰንኩ። ከትምህርት በኋላ ወደ ልጃቸው ቤት እኔ ላድርስዎ አልኩ። ከሃቫና እስከ አፓርታማው ስድስት የትራፊክ መብራት አለ። በሦስተኛው ላይ እጀምራለሁ ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ላይ እሳቸው ጀመሩ።

«ልጄ እሺ በሉ ብሎ ሲያመጣኝ» አሉ፣ «እዚህ አገር ምን ሠርቼ እሞታለሁ እያልኩ ነበር። ቀኑን ሙሉ በመስኮት መኪና መቁጠር። አሁን ግን ገባኝ፤ ጎንደር የጠፋውን እዚህ ላገኘው ነው የመጣሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አራተኛው መብራት ቀይ ነበር። አምስተኛውም። ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

«አሜን» አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ሁሉንም ልጻፍ።

በአገራችን ከባድ በደል የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ሞንትቤሎ ውስጥ ድንጋይ የለም ማለት አይደለም፤ ሁሉም የሰው ግቢ ማስጌጫ ነው። የጎረቤት ድንጋይ ሰርቆ ይቅርታ መጠየቅ አይሆንም። አትክልት መሸጫ ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ «ለአበባ ነው ለፏፏቴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለፏፏቴ ነው አልኩት፤ ሌላውን ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አይደርስም።

የመሪጌታ ልጅ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ኤሌቬተር ገባሁ። ውሻ የያዘች ፈረንጅ አብራኝ ነበረች። «ናይስ ሮክ» አለችኝ። «ታንክ ዩ» አልኳት። ሁለተኛ ፎቅ ወረደች።

ልጃቸው በሩን ከፈተ፣ አየኝ፣ ምንም ሳይለኝ «አባባ!» ብሎ ተጣራ። መሪጌታ መጥተው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማንን ገደሉ?»

«ሰው አልገደልኩም።»

«እንግዲያው ያውርዱና ይንገሩኝ።»

«ሳልነግርዎ አላወርድም።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ካሴቱን፣ የንጉሰን ዘፈን፣ መገልበጡን፣ እስከ አራት መቁጠሩን፣ ስግደቱን ከየት እንዳመጣሁት። መሪጌታ እንዳልሆንኩ። የኔታ ተገኝ አንዲት ቃል አቋቋም እንዳላስተማሩኝ፣ ስለመሞታቸውም እንደማላውቅ። ረጅም ነገር ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ለፏፏቴ የሚሆን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም።

ስጨርስ ግድግዳውን ተደገፉ። እንዲህ ያረጁ መሆናቸውን እስከዛሬ አላየሁም ነበር።

«አውርድ» አሉኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርድ፣ አንገትህ ይሰበራል።»

አውርድ አሉኝ፤ አንተ አሉኝ። ቅር ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። አለቀስኩ።

ካሴቱን ልስማው አሉ። ማጫወቻ ያለው መኪናዬ ውስጥ ስለሆነ ፓርኪንጉ ላይ በዚያ ሙቀት ተቀመጥን። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ሽማግሌው ሳለ። ቀጭ ሲል እጃቸውን አነሡ። ካሴቱን ሳልገለብጥ፣ ቀስ ባለ ድምፅ ሦስቱን ቃላት አዜሙልኝ። አጭር ናቸው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቦታ ባዶ ነበር።

«ዝምታው ግን ጥሩ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነበር። ግን የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ነገር በሰው ስም አይቆምም።» ጃኬታቸውን ሰበሰቡ። «ሰኞ ለልጆቹ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ አብረሃቸው ትቀመጣለህ፣ ከመጀመሪያው። ጎንደር ደግሞ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ማስተባበያውን አንተ ትደውላለህ።»

ድንጋዩን ኮሪደሩ ላይ ረስቼው መጣሁ። ልጃቸው ደውሎ «ጋሼ፣ ማኔጅመንቱ አንሡ እያለ ነው» አለኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ከካሴት እንደተማርኩ፣ ካሴቱ ሲገለበጥ ሦስት ቃል እንደጠፋ። የስድስት ዓመቷ እንቁ እጇን አወጣች።

«ዋትስ ኤ ካሴት?»

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ከልጆቹ ጋር ተሰለፍኩ። መቋሚያ ስላልበቃ ከአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጋር በየተራ እቀያየራለሁ።

ጌጥነሽ ግን አልወደደችውም። «ስግደቷ ትቀራለች? ፕሮግራሙን እኮ ፕሪንት አድርጌዋለሁ! ሰው የሚመጣው ለእሷ ነው! ምናለ ዝም ብትል ኖሮ?» አለችኝ። እሷም አንተ አለችኝ። የዘንድሮውን ፍላየር ተቀብያት ሁለት መቶውንም ቁጭ ብዬ «መሪጌታ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩ። ከስሜ ፊት የተሰረዘ ነገር ሲታይ ሰው ሌላ ነገር እንደሚጠረጥር የገባኝ መቶ ሃምሳኛው ላይ ነው።

ወላጆች ሦስት ልጆች አስወጡ። አንደኛዋ እናት ሰላም አትለኝም።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

በዓሉን ዛሬ አከበርን፤ ማክሰኞ ሰው ሥራ ነው። ሃያ ልጆች፣ አንድ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው። መሪጌታ ሀይለማርያም መሩ፤ እኛ ተቀበልን። ያ ቦታ ሲደርስ ሦስቱን ቃላት አልናቸው። ብርሃኑን አየን። ወረድን።

እልልታ አልነበረም። ሕዝቡ ስግደቷን ይጠብቅ ነበር። ስንወጣ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ የመጣችው ሴት «ዘንድሮ አሳጠሩት» ስትል ሰማሁ። በሦስት ቃል አስረዝመነዋል።

ፀዳል እጄን ያዘች። ፓርኪንጉን እስክንሻገር አልለቀቀችኝም። ከአሥር ዓመቷ ወዲህ በሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም።

ጎንደር እስካሁን አልደወልኩም። መስመሩ አይገባም። ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንድ ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ደወልኩ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እዚያ አመሻሹ ላይ ነው። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ብዙዬ ሥራ ከሄደች በኋላ፣ ወጥ ቤት ቆሜ። መስመሩ ወዲያው ገባ።

«ሃሎ፣ መምህር ተክለሚካኤል? ከአሜሪካ ነው፣ ከመሪጌታ ሀይለማርያም ዘንድ።»

«እንደምን ናቸው? ማን ልበል?»

«ጣሰው እባላለሁ።»

«ጣሰው! የየኔታ ተገኝ ተማሪ?»

ወረቀቱን አነበብኩለት። ሳልተነፍስ ነው ያነበብኩት። ዝምታው የካሴት ነው፣ ስግደቱ የእኔ ነው፣ የኔታ አላስተማሩትም፣ በስማቸው ዋሽቻለሁ፣ እባካችሁ እንዳታስተምሩት። ስጨርስ ድምፅ የለም።

«ሃሎ?»

«አለሁ» አለ። «አላስተማርንም። መሪጌታ እንደነገሩኝ፣ የየኔታ ተገኝ ሌሎች ተማሪዎችም ይዘውት እንደሆነ ላጣራ ብዬ ወደ እስቴ አንድ ተማሪ ልጅ ልኬ ነበር። የኔታ ተገኝ አሉ እኮ።»

«የት አሉ?»

«በሕይወት ነዋ። ዓይናቸው ጠፍቷል እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ልጁ አሰማቸው» አለ ተክለሚካኤል። «‹የእርስዎ ነው ወይ?› አላቸው። ‹የእኔ መሆኑን የነገረህ ማን ነው?› አሉ። ‹ጣሰው የሚባል፣ አሜሪካ ያለ› ቢላቸው ‹ጣሰው ካለ የእኔ ነው› አሉ።»

«አቋቋም እኮ አያስተምሩም።»

«ልጁም ይህንኑ አላቸው። ‹የእኔ ነው አልኩህ፣ ጻፍ› ብለው ተቆጡት።»

ወረቀቴ ላይ ከዚህ በኋላ የምለው አልተጻፈም። «እባክህ፣ ሰው ስትልክ ውሸት እንደነበር ንገርልኝ» አልኩት።

«እሱንማ ያውቃሉ» አለኝ። «እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው። ‹አንድ ሌሊት ሳይሰናበተኝ ወጥቶ ሄደ፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። በሰላም ደረሰ ወይ?› ነው ያሉት። ልጁ ማክሰኞ ተመልሶ ይሄዳል፤ ምን ይበላቸው?»

ከወጣሁ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደርሷል ይበላቸው አልኩት።